ርካሽ ሽቶ ስንገዛ የምንፈራውን እንወቅ

«የዱባይ ሽቶ ነው» ሲባል ፊታቸውን የሚያዞሩ ብዙ ናቸው። ዋጋው ዝቅ ካለ ሽታውም ዝቅ ያለ ነው ብለው ይደመድማሉ። ስለ ዑድ ቢሆን ክርክሩ ውኃ ያነሳ ነበር፤ እውነተኛ ዑድ ርካሽ ሊሆን አይችልምና። ፍራፍሬና አበባ አበባ ስለሚሸተው የሴቶች ሽቶ ከሆነ ግን ዋጋ ስለ ሽታው የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ሰው መፍራት ያለበትም ርካሽነቱን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

ምክንያቱ ከፍሬው ይጀምራል። ብርቱካንና መንደሪን ልጣጫቸው ሲጨመቅ ዘይት ይሰጣል። ኮክ፣ ፖምና እንጆሪ ግን ለሽቶ የሚበቃ ዘይት አይወጣቸውም። ስለዚህ ጠርሙሱ የትም ይሠራ የት፣ ውስጡ የሚሸተው ኮክ በቤተ ሙከራ የተቀመመ ነው። ዋናውን የኮክ ሽታ የሚሰጠው ጋማ አንዴካላክቶን የሚባል ውህድ እ.ኤ.አ. በ1908 ተገኘ፤ የፓሪሱ ጌርላን እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ሚትሱኮ ዝነኛ አደረገው። ዛሬ ተራ የፋብሪካ ሸቀጥ ነው፤ ውዱም ርካሹም ይጠቀሙበታል። አበባው ላይ ነገሩ ይለያል። ለአንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ከ3 እስከ 5 ቶን የሚደርስ የአበባ ቅጠል ስለሚፈጅ፣ እውነተኛ ጽጌረዳ ጠብ የተደረገበት ሽቶ መወደዱ አይቀርም፤ የለመደ አፍንጫም ይለየዋል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ፍሬው ከፊት በሚቀድምበት፣ ቫኒላና ሚስክ ከሥር በሚያለብሱት ሽቶ ውስጥ ያቺ ጠብታ ትዋጣለች። ደግሞስ ውዶቹም ቢሆኑ ከተፈጥሮ ሲሸሹ ቆይተዋል፤ ኢትዮጵያ ዋና አቅራቢ የነበረችበትን ዝባድ ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1998 በሰው ሠራሽ ተክቶታል።

ምሳሌ ላምጣ። የኤምሬቶቹ ላታፋ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ያራ፣ ያ ሮዝ ጠርሙስ፣ ሲረጭ መንደሪንና ኦርኪድ ይሸታል፤ መሐሉ ላይ የሞቃት አገር ፍራፍሬ ጣፋጭነት አለው፤ መጨረሻው ቫኒላ፣ ሚስክና ሰንደል ነው። ውጭ አገር 100 ሚሊ ሊትሩ ከ30 ዶላር በታች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዲዮር ጃዶር ደግሞ በግማሹ መጠን ከ100 ዶላር ያልፋል። ጃዶር የጠራ፣ አበባው ጎልቶ የሚሰማ ሥራ ነው፤ ያራ ወደ ከረሜላ ያደላል። ይሁንና በመካከላቸው ያለውን የዋጋ ርቀት የሞላው ፈሳሹ ብቻ አይደለም። የፊልም ተዋናይት የምትታይበት ማስታወቂያ፣ የጠርሙሱ ንድፍና የትልቅ ከተማ መደብር ኪራይም አለበት።

«ርካሹ ግን አይቆይም» የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ በተለይ ለከሚሴ ሰው። በዚያ በቦርከና ሜዳ ሙቀት ቀላሉ የፍሬ ሽታ ከቆዳ ላይ ቶሎ ይተናል። የሚተነው ግን ከውዱም ነው፤ ሙቀት ብራንድ አይለይም። ብዙው ቅሬታ የሚመነጨው «ቦዲ ሚስት» የሚባለውን ቀላል ርጭት እንደ ሽቶ ከመግዛት ይመስለኛል፦ በርጭቱ ውስጥ ያለው የመዓዛ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ሲሆን፣ «ኦ ደ ፓርፉም» የሚል ጽሑፍ ባለበት ውስጥ ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። ከመጠኑ ሌላ አረጫጨቱም ለውጥ አለው። ልብስ ላይ ሲረጭ ቆዳ ላይ ከተረጨው ይበልጥ ይቆያል። ወይባ ወይም ቦለቅያ ለታጠነ ገላ ደግሞ ጣፋጭ ሽቶ መደረብ ሁለቱንም ያበላሻል፤ አንዱን መምረጥ ይሻላል። በግንቦት እኩለ ቀን ቫኒላ የበዛበት ሽቶ አንዴ ከተረጨ ይበቃል፤ ሁለተኛው ለጎረቤት ራስ ምታት ነው።

ከእምነት አንጻር የሚነሳውም ጥያቄ ተገቢ ነው። የሚረጭ ሽቶ ኢታኖል አለው፤ በእሱ ላይ ዑለማዎች አንድ አቋም የላቸውም፤ ፍርዱን ለእነሱ እተዋለሁ። ልቧ ያልተረጋ ግን መውጫ አላት። የጅዳው አል ረሃብ በ6 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ የሚያወጣቸው ዓይነት አልኮል የሌለባቸው የዘይት ሽቶዎች ከሚረጨው ይረክሳሉ፣ ቀስ ብለው ይተናሉ፣ ሽታቸውም ርቆ ሳይበተን ከገላ ጋር ይቀራል። ለሞቃት ቆላ ከሁሉም የሚስማማው እንዲያውም ይህ ነው እላለሁ።

እንግዲህ የሚፈራው ሐሰተኛው ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል ሽቶ ነበረበት። እገዳው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሣ፤ ወዲያው ግን የብር ዋጋ ወረደ። ዕቃ እንዲህ በሚጠብና በሚወደድበት ጊዜ ከአረብ አገር በሻንጣ የሚመጣው ተፈላጊ ይሆናል፤ ከእሱ ጋር ተመሳስሎ የተሠራውም ይገባል። ጃዶር በሩብ ዋጋ የሚሸጥልሽ ሰው የሚሸጥልሽ ስም ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ እሱም አያውቅም፣ ቆዳሽ ቢቆጣ የሚጠየቅ ኩባንያም የለም። «ያራስ ተመሳስሎ ይሠራ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይሠራል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይና ጠርሙሱ ሥር ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፤ ነገ ብትመልሱለት ከሚቀበላችሁ፣ ቋሚ ሱቅ ካለው ሰው ግዙ። የባቲ ሰኞ ገበያ ለብዙ ነገር ደግ ነው፤ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የዋለ ሽቶ ግን ኦሪጅናልም ቢሆን ይለፋችሁ። በመንደሪንና በብርቱካን ዘይት ያለው ሊሞኒን የሚባል ውህድ ከአየር ጋር ተዋህዶ ሲበላሽ ቆዳን የሚያስቆጣ ይሆናል፤ ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ያፋጥኑታል።

የከሚሴና የባቲ ባለሱቆች፣ ሽቶውን ፀሐይ ከሚመታው መስታወት አንሱት፤ ኮፒ ከሆነም «ኮፒ ነው» ብላችሁ ሽጡ።