ፒያሳን ቀና ብሎ ማየት

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ የአራዳ ጊዮርጊስን ግቢ ለቅቄ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ውኃ፣ እርሳስና ጠርዙ የተበላ አንድ መጽሐፍ አይጠፉም። መጽሐፉን የጻፉት ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓኦሎ ኪያሪ ናቸው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ርእሱ በእንግሊዝኛ «ኦልድ ትራክስ ኢን ዘ ኒው ፍላወር» ይባላል። የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች በየሰፈሩ እየለየ ማን እንዳሠራቸውና ማን እንደኖረባቸው ይነግራል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ አርክቴክት አይደለሁም። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አራዳ ነው፤ ግን ይህ መጽሐፍ እጄ እስኪገባ ድረስ ፒያሳን ከሱቅ ደጃፍ በላይ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሰፈራችንን የምናውቀው በዓይናችን ቁመት ነው፦ ወርቅ ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን፣ ፎቶ ቤቱን። ምድር ቤቱን ማስታወቂያ ሸፍኖታል፤ ቤቱ ራሱ ያለው ከማስታወቂያው በላይ ነው። ለዚህ ነው አብሮኝ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ገና ስንነሣ ወደ ማዶ ተሻገርና ቀና በል የምለው።

ጊዮርጊስ ራሱ ጥሩ መነሻ ነው። ካቴድራሉ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ንድፉ ግን የጣሊያናዊው መሐንዲስ የሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። ድንጋዩና መስኮቱ የአውሮፓ መልክ አላቸው። ዙሪያውን ስትዞሩት ግን ስምንት ማዕዘን መሆኑን ታያላችሁ፤ መቅደሱን መሐል አድርጎ የሚዞረው የሀገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በድንጋዩ ውስጥ አለ። ከዚያ ወደ ጣይቱ ሆቴል እወርዳለሁ። በ1898 ዓ.ም. የተሠራ፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የተነሣበት ቀን እንደ ቤተ ዘመድ ሐዘን ነው የተሰማኝ። የእንጨቱን ደረጃ ስወጣ ዛሬም እጄን በመደገፊያው ላይ ቀስ አድርጌ ነው የማሳልፈው።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የሚይዙት ግን ስም የሌላቸው ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤቶች ናቸው። አንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የጭቃ ጠላቱ ዝናብ ነው፤ ስለዚህ ምድር ቤቱን በድንጋይ ያቆሙታል፣ የክረምት ፍንጣቂ እንዳይበላው። ፎቁን በባሕር ዛፍ አቁመው፣ በማገር አያይዘው፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመርጉታል፤ ቀላል ስለሆነ ታችኛውን አይጫነውም። በዙሪያው ሰፊ በረንዳ ያዞሩበታል። በረንዳው ድሮ ነፋስ ለመቀበል ብቻ የተሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዝናቡ ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ አርቆ የሚያቆመውም እሱ ነው። በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ቀሚስ ጥለት የተፈለፈለ ጣውላ ይሰቀላል። ይህ የሕንድና የአርመን አናጢዎች እጅ ከሀበሻ ግንበኛ እጅ ጋር የተገናኘበት ሥራ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘውም የእጅ ባለሙያዎች ስለሰፈሩበት ነው።

ባሕር ዛፍ ካልኩ አይቀር፣ ከተማዋ ራሷ የቆመችው በእሱ ነው። እንጨት ከማለቁ የተነሣ ምኒልክ አዲስ አበባን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ እኔም የምዞርበት ፒያሳ ባልኖረ።

መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. ብቻ ከፒያሳ ሰፊው ክፍል ፈርሷል፤ ዶሮ ማነቂያ አንዱ ነው። ገጹን ገልጬ በተጻፈው መንገድ ሄጄ የማገኘው አጥር ወይም አዲስ አስፋልት የሆነበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። አሁን እርሳሴን አወጣለሁ። ቤቱ ካለ «አለ» ብዬ ቀኑን፣ ከሌለም «የለም» ብዬ ቀኑን በጠርዙ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቤት እንደነበረ በእርሳስ እንኳ የሚመሰክር ሰው ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እግሩ የጠና ሰው ቸርችል ጎዳናን ወርዶ ቀኑን መጨረስ ይችላል። ላይ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የ1950ዎቹ ማዘጋጃ ቤት፣ ወረድ ሲሉ በብሔራዊ ቴአትር ፊት የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ፣ ታች ደግሞ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ባቡር ጣቢያ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ጥበቃውን ማስፈቀድ ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እታጠፋለሁ።

ከድልድዩ ሽቅብ፣ በአንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ በረንዳውን ስመለከት ቡና የሚቆሉ አሮጊት ቀና አሉና «ልንፈርስ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። መጽሐፍና እርሳስ ይዤ ስላዩኝ ነው።

«ኧረ የለም እማማ፣ ማንም አልላከኝም። አሮጌ ቤት ማየት ስለምወድ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። «እንግዲያስ ግቢ፣ ውሻው ታስሯል።»

መጽሐፉን አገላብጠው ሥዕሎቹን አዩ። «የእኔስ ቤት አለበት?»

ሰፈሩን የሚያነሣውን ገጽ ሁሉ ፈለግሁ። «የለም እማማ።»

«እርሳስ ይዘሽ የለም እንዴ? ጻፊው።»

መጨረሻው ላይ ባዶ ገጽ ነበር። እሳቸው እየቆሉ ይነግሩኛል፣ እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ይህ የፊት ለፊት ደረጃ ከጥንቱ አልነበረም፣ በጓሮ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቱ ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ፤ ፎቁ ላይ የደረሳቸው ሰዎች በሰው ጓዳ እያለፉ መውጣት ሲቸግራቸው ይህን በገዛ ገንዘባቸው ሠሩ። የድሮው ደረጃ በር የነበረበትን ቦታ በመቁያው ጫፍ አመለከቱኝ፤ በጭቃ ተደፍኗል፣ መቃኑ ግን ከኖራው በታች ጎልቶ ይታያል።

«መቃኑን ጻፍሽው?» አሉ። «ወይራ ነው። ወይራ መሆኑንም ጻፊ።»