እጮኛሽን ጊቤ በረሃ ውሰጂው!

ሰው ሲተጫጭ ምን ያደርጋል? ካፌ ይቀመጣል፣ ኬክ ይበላል፣ ፊልም ያያል። ካፌ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ጨዋ ነው! ወንበር ይስባል፣ ሂሳብ ይከፍላል፣ "የኔ ቆንጆ" ይላል። ውድ አንባቢያን፣ እንደኔ እንደኔ ካፌ ውስጥ ሰውን አውቃለሁ ማለት ዘበት ነው። ሰው የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው። መንገድ ደግሞ በመፀው!

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው ወቅት ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ሜዳው ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ ወንዙም ገና ሙሉ ነው። "የት እንሂድ?" ለምትሉኝ የጅማን መንገድ እመክራለሁ። ሰበታን እንዳለፋችሁ የበቾ ሜዳ ይቀበላችኋል። ጤፉ ነፋስ ሲመታው እንደ ውሃ ይተኛል፣ ይነሳል። ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ላይ ነች፤ እዚያ ቁርስ ይበላል። ከዚያ ወዲያ እንሰት የከበባቸው ጎጆዎች እያያችሁ ወልቂጤ ትገባላችሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የመስቀል ሰሞን አትሂዱ። ጉራጌው ከያለበት አገሩ ስለሚገባ መንገዱ ጢም ይላል። ጥቅምት ግን የእናንተ ነው።

ከወልቂጤ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ወልቂጤ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የጊቤ ድልድይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ እየሞቀ፣ ጆሮ እየደፈነ፣ ሹራብ እየወለቀ ይወረዳል። ከማዶ የአበልቲ ተራራ ይታያል፤ በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መሽጎ የተሸነፈው እዚያ ነው። ጊቤ ከታች ይጠማዘዛል። ወደ ደቡብ ሲወርድ ስሙን ለውጦ ኦሞ ይባላል፣ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት አንዲት ጓደኛዬ ከእጮኛዋ ጋር ጅማ ስትሄድ እኔና ታናሽ እህቷ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ልጁ ሲያዩት ሸጋ ነው፣ ተጫዋች ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ግን "ነዳጅ እንቆጥብ" ብሎ በፎሌ ለቀቀው!

"ማርሽ አስገባ እንጂ፣ በፍሬን ብቻ አይወረድም" አለችው ቀስ ብላ። መንጃ ፈቃድ አላት፣ የምትለውን ታውቃለች።

"አንቺ ደግሞ! ይልቅ ወንዙን እዪ" ብሎ ሳቀ።

ሁለተኛ ነገረችው። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። እሱ ራሱ ደንግጦ ዳር ያዘ። ከጎማው ጭስ ይወጣል! እዚያው የቆመ አንድ ጎልማሳ የጭነት መኪና ሹፌር መጣና አየው። "ወንድሜ፣ በፎሌ ነው የወረድከው? በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው" አለው።

"እሺ ጋሼ፣ ልክ ነህ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ ልጁ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጓደኛዬ ምንም አልተነፈሰችም። ማታ ጅማ ስንደርስ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "ሹፌሩ ያለው እኮ እኔ ያልኩትን ነው። ከሱ አፍ ሲወጣ ምክር ሆነ፣ ከኔ አፍ ሲወጣ ጭቅጭቅ።"

ይህ ስለ ፍሬን ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም! ነገ ስለ ልጅ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ህመም ስትናገር የሚሰማት ማን ነው? ሁልጊዜ ጭነት መኪና ቆሞ አይጠብቅም! እሷ በበኩሏ ሰርጉን ወደ ሚያዝያ አስተላልፋ ነገሩን ፊት ለፊት አንስታበታለች። ይቅር ትበለው አትበለው የሷ ጉዳይ ነው። ግን ከሰርጉ በፊት ማወቋ ትልቅ ነገር ነው። እህቶቼ፣ እናንተም እዩ። ወንድሞቼ፣ እናንተም ራሳችሁን ፈትሹ። ሴቷም ብትሆን መሪ ስትይዝ የማትሰማ ሞልታለች።

አሁን ወደ ምክሩ። ቁልቁለት ላይ ከመግባታችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ ይረገጥ። ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ከሸተታችሁ ቁሙ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውሃ አትድፉበት። ወንዙ ያምራል ብላችሁ ዳሩ ድረስ አትውረዱ፤ ጊቤ ጉማሬም አዞም አለው። ወቅቱ የወባ ስለሆነ በረሃው ውስጥ አይምሽባችሁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ "ጊቤ ነበርኩ" ብላችሁ ተመርመሩ። የመንገዱን ፀጥታም ሰሞኑን ከተመለሰ ሰው ጠይቁ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ነውና በጠዋት ተነሱ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የመኪናውን ቁልፍ በየተራ ያዙ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ይናገር። የሚሰማ ሰው ካገኛችሁ… ቀለበቱን እሰሩ!