ቫይረስ የምታጠናው እህቴና 14ቱ ናሙናዎች

ኅዳር 12 ቀን ሰፈራችን ሰሚት ኮንዶሚኒየም እንደየዓመቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። እማዬ ከጎረቤት ጋር ቆሻሻ ሰብስባ ታቃጥላለች፤ ታናሽ እህቴ መስኮት ዘግታ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች። ጂንካ ላይ ማርበርግ ተገኘ ከተባለ ገና ሳምንቱ ነው። አንዷ ጎረቤታችን ገባ ብለው «አንቺ፣ ቫይረስ አይደል የምትማሪው? ይሄ ነገር እኛም ጋ ይመጣል እንዴ?» አሏት።

«እኔ የከብቱን ነው የማጠናው እትዬ» ስትላቸው ትንሽ ቅር አላቸው። የሰው ሐኪም እየሆነች መስሏቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር እማዬም ገና አልገባትም።

ጭሱ ራሱ የቫይረስ ታሪክ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው «የኅዳር በሽታ» ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ያኔ የገደላቸውን ነገር ማንም አያውቀውም ነበር፤ ያለው አማራጭ ማጠን ነው።

እህቴ ማስተርሷን የምትሠራው በአፍተግር ላይ ነው። ከብት አፉና ሰኮናው ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ ወተት ይቀንሳል፣ በሬው ከእርሻ ይውላል። ቫይረሱ 7 ዓይነት አለው፤ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ከሌላው አያድንም። በዚያ ላይ አርኤንኤው ሲባዛ ይሳሳታል፣ ስህተቱን የሚያርምለትም የለም፤ ስለዚህ በየጊዜው ይለዋወጣል። የትኛው ዓይነት እንደሚዞር ሳታውቅ ክትባት መግዛት ብር መበተን ነው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት እኔ እንኳን እዚህ ጋ ነቃ አልኩ።

ለማወቅ ፒሲአር ይሠራል። መጀመሪያ አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም የተገኘው ከራሳቸው ከቫይረሶች ነው፤ ኤችአይቪም የኛን ሴል የሚወርሰው በዚሁ ዘዴ ነው። ከዚያ ማሽኑ እያሞቀና እያቀዘቀዘ ዲኤንኤውን በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል። 1 የነበረው ከ30 ዙር በኋላ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። የወለድ ወለድ ማለት ይሄ ነው! ባንክ ያለችኝ ብር ፒሲአር ውስጥ ብትገባ ስል እህቴ አልሳቀችም።

ያልሳቀችበት ምክንያት አላት። የጥናቱ በጀት የተጻፈው ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በወራት ውስጥ 120 አለፈ። ኢንዛይሙም ኪቱም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በጀቱ ግን በብር እንደተጻፈ ቀረ። ያንን ማሻሻያ በሶሻል ሚዲያ ደግፌ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ዛሬም አስፈላጊ ነበር እላለሁ። ግን ስጽፍ እህቴ ጓዳ ውስጥ ያለውን ሒሳብ አላየሁትም ነበር። በዚህ ላይ አንዱ ዕቃ መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ተበላሸ፤ ኢንዛይሙ በቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻል።

ባጭሩ፣ ከቦሌ አራብሳና ከአካባቢው በረቶች የሰበሰበችው ናሙና 34 ነው፤ የቀራት ሪኤጀንት ለ20 ብቻ።

«አንተ ኢኮኖሚስት አይደለህ፣ እስቲ ምረጥልኝ» አለችኝ።

ቁስሉ ገና ትኩስ ሆኖ የተወሰዱትን 20 ምረጪ አልኳት፤ ውጤት የመስጠት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እንደዛ ካደረግኩ ሁሉም ከሁለት ሦስት በረት ይሆኑብኛል። በሌላው በረት ሌላ ዓይነት ቢኖርስ?» ከየበረቱ ቢያንስ አንድ አንድ ወሰደች። 14ቱ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጡ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መነሳቱን በስልክ የምትጠይቀው ለእነሱ ነው።

ጭሱ ሳይጠራ ስልኳ ጮኸ። የአራብሳው አባት ናቸው፤ አራት ላሞቻቸው ታመው ከአራቱም ናሙና ወስዳለች። ድምፃቸው እኔ ጋ ይሰማል። «ዶክተር፣ ልጄ፣ የላሞቼ ነገር ምን ሆነ?»

«አባባ፣ የአንዷን ሰኞ እሠራዋለሁ።»

«የሦስቱስ?»

ጣቷን በላፕቶፑ ላይ ከናሙናዎቹ ቁጥር ወደ ታች አወረደች። «የሦስቱ ተቀምጧል አባባ፣ ዕቃው ሲመጣ እደውልልዎታለሁ» አለቻቸው።