ለዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ረዳት የሚሆን ትንሽ ሞተር ስለ መምረጥ

ሐይቅ ያለበት አገር ሀብቱ በየብስ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በውሃውም ውስጥ ሳይዘሩ የሚያጭዱት ሀብት አለው፤ ይኸውም ዓሣ ነው። ዓሣ አጥማጆች ተባብረው ለጀልባቸው ሞተር ለመግዛት በፈለጉ ጊዜ ፈቃድና ምክር ለመጠየቅ፥ ወይም ብድርና እርዳታ ለመለመን ወደ ወረዳው ሹም ይቀርባሉ። ሹሙ ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር የሌለው እንደ ሆነ ግን በሻጩ ቃል ብቻ ተመርቶ ከሁሉ የሚበልጠውን ያስገዛል። ገንዘቡም በቤንዚን ያልቃል፥ ሞተሩም ተበላሽቶ ከዳር ይቀመጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ መልካም ሞተር ማለት ትልቁ አይደለም፤ ሰዎቹንና ዓሣውን በደኅና ወደ ዳር ለመመለስ ከሚበቁት ሁሉ ትንሹ ነው።

1ኛ፤ የጣና ሐይቅ ምሳሌ።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፥ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ያህል የማያልፍ ሐይቅ ነው። የሐይቁ ዳር ሰዎች፥ ይልቁንም የነገደ ወይጦ ሰዎች፥ ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱበት ኖረዋል። ታንኳ በጥቂት ወጪ የሚሠራና ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚሄድ መልካም ዕቃ ነው። ነገር ግን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፥ ቶሎም ይበሰብሳል፤ ሞተር የሚታሰርበት ጠንካራ የኋላ ሳንቃም የለውም። ስለዚህ ሞተር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሳንቃ ወይም የብረት ጀልባ ሊኖረው ያስፈልጋል።

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ከሆላንድ አገር በመጣ እርዳታ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ በባሕር ዳር በኩል ወደ ጣና ገቡ። በዚህም ምክንያት አጥማጁ ከዳር ርቆ ለመሄድ ቻለ፤ ዓሣውም ለከተማ ገበያ በብዛት ቀረበ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ጥቅሙ ግን ያለ ጕዳት አልቀረም። ላቤዎባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዓይነቶቹ በጣና ብቻ እንጂ በሌላ አገር አይገኙም። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ወራት እንቍላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸውም በፊት በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ባለ ሞተሩ ጀልባ ፈጥኖ እዚያ ይደርሳል፥ መረቡንም በተሰበሰበው ዓሣ ላይ ይጥላል። ሊቃውንት መርምረው እንዳስረዱት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጣው የዚህ ዓሣ ብዛት 75 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሞተር ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ሞተር ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚሄድ ካልተወሰነ የዘር እህልን እንደ መብላት ይሆናል ማለት ነው።

2ኛ፤ ስለ ጕልበቱ መጠን።

ዕቃ የጫነ ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል እንጂ በውሃው ላይ አይንሳፈፍም። ስለዚህ ፍጥነቱ በርዝመቱ የተወሰነ ነው። በውሃ ላይ ያለው ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ጀልባ በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር፥ 6 ሜትር የሆነውም ከ11 ኪሎ ሜትር ያህል በላይ ለመሄድ አይመቸውም። ከዚህ በላይ ጕልበት ቢጨመርበት ኋላው ወደ ውሃ ይሰምጣል፥ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፥ ማዕበሉም ይበዛል እንጂ መንገዱ አይፈጥንም።

ከዚህም በታች ቢሆን ፍጥነት በዋጋ የሚገኝ ነገር ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ጀልባ 10 እንዲሄድ ቢፈለግ በየሰዓቱ የሚያስፈልገው ጕልበት እጥፍ ያህል ይሆናል። የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ቢታሰብ የሚተርፈው ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሚጠፋው ቤንዚን ግን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይበልጣል። ዓሣውን ፀሐይ የሚያበላሸው ካልሆነ በቀር ለ15 ደቂቃ ይህን ያህል መክፈል አይገባም።

በጠቅላላው ከነጭነቱ ለሚመዝን ለአንድ ቶን ጀልባ 3 ወይም 4 የፈረስ ጕልበት ይበቃዋል። ለምሳሌ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ጀልባ ራሱ 500 ኪሎ፥ 4 ሰዎች 250 ኪሎ፥ መረብና ዓሣው 250 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ አንድ ቶን ይሆናል። 15 ወይም 25 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር ለዚህ ጀልባ ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

3ኛ፤ ስለ አገሩ ከፍታ።

በሻጮች መዝገብ የተጻፈው የፈረስ ጕልበት በባሕር ጠረፍ የተለካ ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር አደባልቆ ስለ ሆነ አየሩ በሳሳበት አገር ጕልበቱ ይቀንሳል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ አንድ እጅ ያህል እንደሚጐድል ማሰብ ይበቃል። እንግዲህ በጣና ላይ 18 ከመቶ ያህል ይጐድላል ማለት ነው፤ በመዝገብ 5 የተባለው 4፥ 8 የተባለውም 6 ተኩል ያህል ይሆናል። ዝዋይና አዋሳም ከ1,600 ሜትር በላይ ስለ ሆኑ ጕድለቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ጫሞ ግን ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ጕድለቱ ያንሳል።

ስለዚህ ከላይ ለተነገረው የአንድ ቶን ጀልባ በጣና ላይ ከ5 እስከ 8 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር ተስማሚ ነው፤ 5ቱ በሰላም ቀን ይበቃል፥ 8ቱ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲበረታ ያግዛል። ደግሞም ለባሕር ጠረፍ የተሰናዳ ካርቡራቶር በደጋ ላይ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ስለሚያፈስ ሞተሩ ጥቍር ጢስ ያወጣል፥ ካንዴላውም ይጠቍራል። በዚህ ጊዜ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ባነሰ ቀዳዳ ማስለወጥ ያስፈልጋል። ይህም በግዢው ውል ውስጥ መግባት ይገባዋል።

4ኛ፤ ስለ ሞተሩ ዓይነትና ቁመት።

ከጀልባ ኋላ የሚታሰረውን ሞተር በሰፊው ለገበያ ያቀረበው በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ይኖር የነበረው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው፤ ይህም የሆነው በ1909 ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሞተር ተለምዷል። ሁለት ምት የሚባለው ቀላል ነው፥ አሠራሩም ብዙ ስለማያስቸግር በቀላሉ ይጠገናል፤ ነገር ግን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ስለሚደባለቅ ከዘይቱ ከፊሉ ሳይቃጠል ወደ ውሃው ይወጣል፥ ቤንዚንም ይፈጃል። አራት ምት የሚባለው ይከብዳል፥ ዋጋውም ይበልጣል፤ ነገር ግን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ለአንድ የፈረስ ጕልበት ሲሶ ሊትር ያህል ቤንዚን ይበቃዋል፤ ሁለት ምቱ ግን ግማሽ ሊትር ያህል ይፈልጋል። ቤንዚን በሚወደድበትና ሰዎች ከሐይቁ ውሃ በሚጠጡበት አገር አራት ምቱን መምረጥ ይሻላል።

የሞተሩ እግር ቁመትም ከጀልባው ጋር መስማማት አለበት። አጭሩ 38 ሳንቲ ሜትር፥ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው የኋላ ሳንቃ የተሠራ ነው። እግሩ ያጠረ እንደ ሆነ ፕሮፔለሩ አየር እየቀላቀለ ያለ ሥራ ይሽከረከራል፤ የረዘመ እንደ ሆነ ጥልቀት በሌለው ዳር ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከግዢው በፊት ሳንቃው በሜትር ይለካ። ፕሮፔለሩም ለፈጣን መዝናኛ ጀልባ የተሠራ ሳይሆን፥ በዝግታ ለሚገፋና ጭነት ለሚጐትት ጀልባ የሚሆን፥ ክንፉ ሰፊ፥ በአንድ ዙር የሚገፋውም መንገድ አጭር የሆነ ይሁን።

5ኛ፤ ስለ አያያዙ።

ረዳት ሞተር ረዳት ነው እንጂ መቅዘፊያን የሚሽር አይደለም። ማንኛውም ጀልባ መቅዘፊያ፥ ገመድ፥ ትርፍ ካንዴላ፥ ለያንዳንዱም ሰው የመንሳፈፊያ ልብስ ሳይዝ ከዳር እንዳይነሣ ማድረግ ይገባል። ቤንዚኑ ሲቀዳ በጨርቅ ወይም በወንፊት ይጥለል። 5 የፈረስ ጕልበት ያለው አራት ምት ሞተር 25 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አንድ ሰው ማታ ማታ ፈትቶ ወደ ቤቱ ሊወስደው ይችላል፤ ይህም ከሌባና ከዝናብ ይጠብቀዋል።

በጣና ላይ በ2011 የታየው እምቦጭ የተባለ አረም ለሞተር ትልቅ ጠላት ነው። ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፥ ቅጠሉም ማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ከሞተሩ በስተኋላ የሚወጣው ቀጭን ውሃ የተቋረጠ እንደ ሆነ ወዲያው ማጥፋትና አረሙን በእጅ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል። አረሙ በበዛበትም ስፍራ ሞተሩን አንሥቶ በመቅዘፊያ ማለፍ ነው።

6ኛ፤ የሹሙ ተግባር።

የሞተር ማመልከቻ የቀረበለት ሹም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት እነዚህን ነገሮች ይጠይቅ፦ የጀልባው ርዝመትና ክብደት ስንት ነው? ሳንቃው ተለክቷልን? የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው በየት ይገኛል? በየቀኑ የሚፈጀው ቤንዚን ከሚሸጠው ዓሣ ስንቱን ይወስዳል? በመጨረሻም አጥማጆቹ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የታዘዘውን ፈቃድ አውጥተዋልን? በክረምትስ መረባቸውን ከወንዝ አፍ ለማራቅ ተስማምተዋልን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሞተር በተሰበረ ጊዜ ሌላ ይገዛል፤ ከጣና በቀር በዓለም የማይገኝ ዓሣ ግን ዘሩ የጠፋ እንደ ሆነ በማንኛውም ገንዘብ ተገዝቶ አይመለስም። ሹሙ በአንድ እጁ ሞተሩን ሲፈቅድ በሌላው እጁ የወንዙን አፍ የጠበቀ እንደ ሆነ፥ አጥማጁ ዛሬ ይጠቀማል፥ ልጁም ከተመሳሳይ ሐይቅ እንጀራውን ያገኛል።