ተጫዋችነትና መምህርነት፤ የሐሊም ኤል ዳብህ ሥራ እንደ ምሳሌ

አዝማሪ ልጁን የሚያስተምረው እየተጫወተ ነው፤ ልጁም የሚማረው አባቱን እያየና እየሰማ ነው። በዚህ ዐይነት ትምህርት ተጫዋችና መምህር አንድ ሰው ናቸው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ሁለቱን ሞያዎች ብዙ ጊዜ ይለያያቸዋል። ሁለቱም በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚያስገኙ የግብፅ ተወላጁ ሐሊም ኤል ዳብህ ሥራ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሊም በ1921 በካይሮ ተወለዱ። በዩኒቨርሲቲ የተማሩት እርሻ ቢሆንም ፒያኖና ደርቡካ የተባለውን ከበሮ ይጫወቱ ነበር። በ1944 በኢትዮጵያም የታወቀውን የዛር ሥርዓት ዜማ በካይሮ በሽቦ መቅረጫ ቀርጸው ድምፁን እየለዋወጡ አዲስ ድርሰት አወጡበት። በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1958 ለማርታ ግራሃም የውዝዋዜ ቲያትር ሙዚቃ ደረሱ።

ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። የዚህ ሥራ ክብደት የሚታወቀው የመሣሪያዎቹ ማኅበራዊ ስፍራ ሲታወቅ ነው። በገና የጸሎትና የጾም ወራት መሣሪያ ነው፤ መሰንቆ የአዝማሪ፣ ዋሽንት የእረኛ፣ መለከትና እንቢልታ የቤተ መንግሥት ክብር መግለጫ ነበሩ። እነዚህን በአንድ መድረክ ማሰለፍ ድምፅን ብቻ ሳይሆን የማዕርግ ወሰንንም መሻገር ነበር።

የድምፁም ችግር ቀላል አይደለም። የክራርና የበገና አውታር ይጠብቃል፣ ይላላል፤ የዋሽንት ድምፅ ግን በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ስለሆነ፣ ቅኝቱ ሲለወጥ ተጫዋቹ ሌላ ዋሽንት ያነሣል። ስለዚህ በኅብረት ለመጫወት ባለ አውታሮቹ ለዋሽንቱ መገዛት አለባቸው። እንቢልታ ደግሞ አንዱ ብቻውን ጥቂት ድምፅ ስለሚሰጥ ዜማው የሚሟላው ተጫዋቾቹ ሲቀባበሉ ነው። ዜማን በጆሮው ለተማረ ባለ ሞያ ይህን ሁሉ በጽሑፍ ኖታ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ መሣሪያ የሚያውቅ እጅና የሚያዳምጥ ጆሮ ያስፈልጋል።

ሐሊም ከሄዱ በኋላም ኦርኬስትራው አልፈረሰም። ከ1966 ጀምሮ ተስፋዬ ለማ መሩት፤ እስከ 1970ዎቹም አጋማሽ ቆየ። መሥራቹ በአሜሪካ በሃዋርድ፣ ከ1969 ጀምሮም በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና ሲጫወቱ ኖረው በ2017 ዐረፉ።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። መድረክ በገናን ከዚህ ቀደም ላልሰማው ሕዝብ አሰምቷል፤ ነገር ግን በገና በመድረክ ላይ ከጸሎቱ ይለያል። መሣሪያን የሚያስተምር ሰው ጣት ማስኬድን ብቻ አስተምሮ ቢተው፣ ተማሪው ድምፁን ወርሶ ትርጕሙን ያጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ከየት እንደ መጣና ለምን ይመታ እንደ ነበር መንገር የሙዚቃ መምህር ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን ዋናው ሥራ ነው።