ዘይቱ ለምን ረጋ?

ብርድ ሲገባ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይኼ ነው፦ «የፓልም ዘይቱ አድሮ ረጋ፤ ሞራ ቀላቅለውበት ይሆን?»

መርጋቱ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ጉዳዩ የቅርጽ ነው።

ዘይትም ሆነ ቅቤ በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ነው፦ አንድ ግሊሰሮል ላይ የተያያዙ ሦስት ፋቲ አሲዶች። ፋቲ አሲድ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። በካርቦኖቹ መካከል ያለው ቦንድ ሁሉ ነጠላ ከሆነ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፤ ሳቹሬትድ የሚባለው ይኼ ነው። ድርብ ቦንድ ካለው ግን እዚያው ላይ ይጎብጣል። ቀጥ ቀጥ ያለ እንጨት ተጠጋግቶ ይከመራል፣ ጎባጣው ክፍተት ይተዋል። የተጠጋጉት ሰንሰለቶች አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ለመቅለጥ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋሉ።

ከፓልም ዘይት ፋቲ አሲድ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው፤ ዋናው ባለ 16 ካርቦኑ ፓልሚቲክ አሲድ ነው። የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፦ 18 ካርቦን፣ 2 ድርብ ቦንድ። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ፓልሙ ሲረጋ ኑጉ እንደፈሰሰ ይቆያል።

ይኸው ሕግ ሰውነታችን ውስጥም ይሠራል። ከሦስቱ ፋቲ አሲዶች የአንዱን ቦታ ፎስፌት ያለበት ክፍል ሲይዘው ፎስፎሊፒድ ይሆናል። የፎስፌቱ ጫፍ ውኃ ይወዳል፣ ሁለቱ የፋቲ አሲድ ጭራዎች ውኃ ይሸሻሉ። ስለዚህ ፎስፎሊፒዶች ውኃ ውስጥ በራሳቸው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ጭራ ወደ መሃል፣ ጭንቅላት ወደ ውኃው። የሴል ሽፋን መሠረቱ ይኼ ነው፤ ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ጎርተር እና ግሬንደል የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሴሎች ያወጡትን ሊፒድ (ቅባት) ውኃ ላይ ዘርግተው ሲለኩት፣ ከሴሎቹ ገጽ ስፋት ወደ እጥፍ ሆኖ አገኙት። ሽፋኑ ባለ ሁለት ረድፍ ነው የተባለው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ሽፋኑ እንደ ቀዘቀዘ ፓልም ዘይት ቢረጋ ሴሉ ሥራ ያቆማል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች ሽፋናቸው ላይ ጎባጣ ፋቲ አሲድ የሚያበዙት ለዚህ ነው። በእኛ የሴል ሽፋን ውስጥ ደግሞ ኮሌስትሮል ገብቶ ልስላሴውን ያመጣጥናል። ያ ስሙ የጠፋው ኮሌስትሮል! ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ኢስትሮጅንና ቴስቶስትሮን የሚሠሩት ከእሱ መስመር ነው። የሚጎዳው ደም ውስጥ ሲበዛ ነው።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ አትደነቁ። ከዕፅዋት የሚገኝ ዘይት ሁሉ ያለው ኮሌስትሮል ከቁጥር አይገባም፤ የሚረጋውም ጭምር። የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ሳቹሬትድ ቅባት ነው። እንግዲህ ስትገዙ በትልቁ የተጻፈውን አልፋችሁ ከኋላ ሠንጠረዡ ላይ የሳቹሬትዱን ግራም አወዳድሩ። ያም ሆኖ መጠን አይረሳ፤ የረጋውም ያልረጋውም በ1 ግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ነው።