«አባዬ፣ ያን ያህል ጥሩ ከነበረ ለምን መጣህ?»

ከአገሬ ስወጣ በእጄ የያዝኩት አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነበረች። ትዝታዬ ግን አሜሪካ ድረስ ተከትሎኝ መጣና በትዳሬ መካከል ገብቶ ተቀመጠ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያ ትዝታ ቤቴን እንዴት እንዳስቸገረና ጌታ ደግሞ እንዴት ለበረከት እንደለወጠው ነው።

የናዝሬት ልጅ

ያደግሁት ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ በምትባለው ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲያፏጭ ሕፃናቱ ሁሉ ወደ ሐዲዱ እንሮጥ ነበር። ጋሪ ላይ ከኋላ እንንጠለጠልና ባለጋሪው ጅራፉን ወደ ኋላ ሲወነጭፍ ዘለን እንወርዳለን። ከወንጂ የመጣ ሸንኮራ አገዳ በጥርሳችን እየላጥን፣ ያ የናዝሬት ሙቀት ጀርባችንን እየጠበሰው፣ አመሻሽ ላይ እናቶቻችን በየስማችን እስኪጠሩን ድረስ እንጫወት ነበር።

እናቴ ጌታን የተቀበለችው በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በከተማችን ተማሪዎች መካከል መነቃቃት በተነሣበት ወቅት ነው። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን በእጇ ይዛ ወደ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የመጀመሪያውን መዝሙር የተማርኩት እሷ ጉልበት ላይ ተቀምጬ ነው።

በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን ዘጋ። ሕንጻዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። እኔ ያኔ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ቅዱሳን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይሰበሰቡ ጀመር። በእኛ ቤት እናቴ ቡና ታፈላለች። «ቡና ፈልቷል» ተብለው የተጠሩት ጎረቤቶች መጽሐፍ ቅዱስ በጉያቸው ይዘው ይመጣሉ። መዝሙሩን የምንዘምረው በሹክሹክታ ነበር። እኔም የበር ጠባቂ ነበርኩ። ኮቴ ከሰማሁ አስላለሁ፤ ያን ጊዜ ዝማሬው ቆሞ የሲኒው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ሚዛን የሆነው ትዝታ

ባለቤቴን ያገኘኋት አሜሪካ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. ተጋባን። እርሷ የደሴ ልጅ ናት። ስለ ናዝሬት ያልነገርኳት የለም፤ ችግሩ አነጋገሬ ላይ ነበር። ወጥ ስትሠራ «የእማዬ እኮ እንዲህ አልነበረም» እላለሁ። ልጆቹ ሲያጠፉ «እኛ ልጆች ሳለን ታላቅ ሲመጣ ብድግ ብለን ነበር የምንቀበለው» እላለሁ። በቤተ ክርስቲያን እንኳ ጸሎቱ ሲያጥር «ያኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ነበር የምንጸልየው» እል ነበር። የልጅነት አገሬን ሚዛን አድርጌ ቤተሰቤን ሁሉ እመዝንበት ነበር፤ ሁሉም ቀለው ይገኙ ነበር።

ባለቤቴ ግን ስለ ደሴ አታወራም። ስጠይቃት «ተወው ባክህ» ብላ ትነሣለች። እኔም አገሯን የረሳች ሴት አድርጌ እቆጥራት ነበር።

የልጄ ጥያቄ

በ1998 ዓ.ም. አንድ ምሽት እራት ላይ ሳለን እንደ ልማዴ ስለ ሸንኮራውና ስለ ጋሪው አወራለሁ። የ11 ዓመቱ ልጄ ሹካውን አስቀመጠና «አባዬ፣ ያን ያህል ጥሩ ከነበረ ለምን መጣህ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ከ14 ዓመት ትዳር በኋላ ያን ታሪክ ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም ነበር። ሆኖም ያን ዕለት ምሽት ነገርኳቸው።

በ1977 ዓ.ም. እኔም የነበርኩበት የወጣቶች የጸሎት ቡድን ተደረሰበት። በዚያ ቀን አርፍጄ ነበርና ወንድሞቼ ሲወሰዱ ከሩቅ አየሁ። ወደ ቤት አልተመለስኩም። እናቴን ሳልሰናበት በድሬዳዋ በኩል አድርጌ ጅቡቲ ገባሁ። እማዬ በ1982 ዓ.ም. አረፈች፤ መርዶው የደረሰኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስለ እማዬ ወጥ የማወራው፣ «ሳልሰናበታት ሄድኩ» ማለት ስላቃተኝ ነበር።

ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደግሞ እርሷ ጀመረች። በ1970ዎቹ አጋማሽ ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ታላቅ ወንድሟ ተወሰደ። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልመጣም። «አንተ የእኛ ጊዜ ጣፋጭ ነበር ባልክ ቁጥር እኔ የሚታየኝ በራችን ላይ ቆማ መንገዱን የምታይ እናቴ ናት» አለችኝ። የሁለታችንም ዘመን አንድ፣ አገራችንም አንድ ነበር። ነገር ግን እኔ በጣፋጩ፣ እርሷ በዝምታዋ ተደብቀን፣ በአንድ አልጋ ላይ ተራርቀን ኖረናል።

ሽንኩርቱና ጡቡ

እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ የበሉት ዓሣ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ናፈቃቸው (ዘኁ. 11፥5)። የቀጠቀጡትን ጡብና የአስገባሪዎቹን ጅራፍ ግን አላነሡም። ናፍቆት እንዲህ ነው፤ ሽንኩርቱን ያስታውስና ጡቡን ይረሳል። ዛሬ በእጃችን ያለውን መናም ያስንቀናል።

ይሁን እንጂ መርሳትም መፍትሔ አይደለም። ዮሴፍ ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በግብፅ አገር የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር የአባቱን ቤት እንዳስረሳው ሲናገር ነው (ዘፍ. 41፥51)። ነገር ግን ወንድሞቹ በልጅነቱ ቋንቋ ሲነጋገሩ በሰማ ጊዜ ዘወር ብሎ አለቀሰ (ዘፍ. 42፥23-24)። ረሳሁ ያለው ልብ አልረሳም ነበር። በመጨረሻም ክፉውንም በጎውንም ሳይደብቅ፣ ወንድሞቹ ያሰቡትን ክፋት እግዚአብሔር ለመልካም እንዳደረገው ተናገረ (ዘፍ. 50፥20)። ያን ጊዜ ትዝታው ምስክርነት ሆነ። ሲሞትም አጥንቱን ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዲወስዱለት የእስራኤልን ልጆች አስማለ እንጂ ግብፅ ሳለ ቤቱን በናፍቆት አላስጨነቀም።

ወገኖቼ፣ ትዝታ ሙሉ ሆኖ ሲነገር ለልጆች ርስት ይሆናል፤ ጣፋጩ ብቻ ሲነገር ሚዛን፣ መራራው ብቻ ሲታፈን ደግሞ በባልና በሚስት መካከል ግድግዳ ይሆናል።

የተከፈተው በር

ለኢትዮጵያ ሚሌኒየም፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ቤተሰቡን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። አስቀድመን ደሴ ሄድን። ባለቤቴ በልጅነት ቤቷ በር ላይ ቆማ ስለ ወንድሟ ለልጆቻችን ነገረቻቸው፤ ስሙንም ከአፏ የሰሙት ያን ቀን ነው። ከዚያም ወደ አዳማ ወረድን። ቤታችን ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። በእናቴ መቃብር ላይ ተንበርክኬ ከ23 ዓመት በኋላ ተሰናበትኳት።

እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዝማሬው ከሩቅ፣ ከመንገዱ ይሰማ ነበር። ልጄ እጄን ጎተት አድርጎ «አባዬ፣ እናንተ በሹክሹክታ የምትዘምሩት እዚህ ከተማ ነው?» አለኝ። «አዎ ልጄ» አልኩት። «ታዲያ አሁን ማንም በሩን አይጠብቅም?» ሲለኝ ዕንባዬን መግታት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የእማዬ ወጥ ለንጽጽር ተነሥቶ አያውቅም። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ግን «ቡና ፈልቷል» ትለናለች፤ ልጆቻችንም ትርጉሙን ያውቃሉ።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ስለ ልጅነታችሁ ደጋግማችሁ የምታወሩት ምንድን ነው? ጨርሶ የማታነሡትስ?
2. ትዝታችሁን የትዳር ጓደኛችሁን ወይም ልጆቻችሁን ለመመዘን ተጠቅማችሁበት ታውቃላችሁ? ከሆነ ይቅርታ ተጠያየቁ።
3. በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ ጌታ ያሻገራችሁን አንድ ታሪክ ከነመራራው ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ አብራችሁም ጸልዩ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።